ወደ በረሃ ለመውጣት አስቀድሞ ስለ መሰናዳት

ልጆች ሆይ፥ መንገድ የሚጀመረው እግር ሲነሣ አይደለም፤ አሳብ ሲነሣ ነው። ሰው በመንደር አጠገብ ሲያድር አንድ ነገር ቢረሳ ከጎረቤት ይለምናል፤ በበረሃ ግን ጎረቤት የለም። ስለዚህ በበረሃ የሚጎድል ነገር አስቀድሞ በቤት የጎደለ ነው።

በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ የሞት ሸለቆ የሚባል ታላቅ በረሃ አለ። ዝቅተኛው ስፍራው በአገራችን እንዳለው እንደ ዳሎል ቆላ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ልኩም 86 ሜትር ያህል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የአየሩ ሙቀት 56.7 ዲግሪ ሆኖ ተመዘገበ። በሸለቆው በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

በ1849 ዓ.ም. ብዙ ሰዎች በካሊፎርንያ ወርቅ ተገኘ የሚል ወሬ ሰምተው በሰረገላ ተነሡ። መንገድ የሚያውቅ መሪም ነበራቸው። ነገር ግን በጉዞው መካከል አንድ ካርታ አዩና፥ «አቋራጭ አለ» ብለው ብዙዎቹ ከመሪው ተለዩ። ካርታውን አመኑ እንጂ መንገዱን አልመረመሩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፥ ጥቂት ቀን እናተርፋለን ሲሉ ብዙ ሳምንት አጡ። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ አንዳንዶቹ ወደዚህ ሸለቆ ገቡ። ስንቃቸውም እያለቀ ስለ ሄደ ሰረገላ የሚስቡትን በሬዎች እያረዱ በሉ።

ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ያሏቸው ሁለት ቤተ ሰቦች ወደ ፊት መሄድ አቃታቸው። ያን ጊዜ ዊልያም ማንሊና ጆን ሮጀርስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እርዳታ ለማምጣት በእግራቸው ሄዱ። ተራራና በረሃ ተሻግረው ሰው ወዳለበት አገር ደረሱ፤ እህልም አገኙ። በዚያ ቀርተው የራሳቸውን ነፍስ ብቻ ለማዳን ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን የሚጠብቋቸውን አሰቡ። ሦስት ፈረሶችና አንድ ዓይና በቅሎ ይዘው ተመለሱ። ፈረሶቹ ገደሉን መውጣት ስላልቻሉ ተተዉ፤ በቅሎዋ ግን ስንቁን ይዛ አለፈች። በ26 ቀንም ተመልሰው ደረሱ። ሕፃናቱንም በበሬ ጀርባ አስቀምጠው ቤተ ሰቦቹን ከሸለቆው አወጧቸው። ሸለቆው ስሙን ያገኘው ከዚህ መከራ ነው ይባላል።

ዛሬ በሸለቆው የመኪና መንገድ አለ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም ምድሩ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ ይኸውም መንግሥት ለሕዝብ የሚጠብቀው ስፍራ ማለት ነው። ድንኳን ተክሎ ለማደርም የተለዩ ስፍራዎች አሉት። ነገር ግን መንገዱ ቢሻሻልም ፀሓዩ አልበረደም። እንግዲህ ብልህ ሰው ወደዚያ ለመሄድ ሲያስብ እንደዚህ ይሰናዳል።

በመጀመሪያ ወራቱን ይመርጣል። በሸለቆው ለማደር የሚመቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው፤ በበጋቸው ወራት፥ ይኸውም በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ፥ ሙቀቱ ሰውን ይገድላል።

ሁለተኛ ማደሪያውን ይመርጣል። ፈርነስ ክሪክ የሚባለው ሰፈር ከባሕር ወለል በታች ነው፥ ውኃም አለው። መሆጋኒ ፍላት የሚባለው ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ነው፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፥ ውኃ ግን የለውም። አንዱ ያለው ለሌላው ይጎድለዋልና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ ውኃውን ይቈጥራል። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ያስፈልገዋል። አምስት ሰዎች ሦስት ቀን ቢቀመጡ 60 ሊትር ይሆናል። ይህን የሚቈጥር በቤት ነው እንጂ በጥማት ጊዜ አይደለም።

አራተኛ ጎርፍን ያስባል። በረሃ ነውና አይዘንብም ብሎ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አይተክልም። በ2023 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በአንድ ቀን ከዓመቱ ዝናብ የሚበልጥ ዘነበ፤ ጎርፉም መንገዶቹን ስለ ሰበረ ፓርኩ ሁለት ወር ያህል ተዘጋ።

አምስተኛ በቤት ለሚቀሩት የሚሄድበትን መንገድና የሚመለስበትን ቀን ይነግራል። በብዙው የፓርኩ ስፍራ የእጅ ስልክ አይሠራምና የወረቀት ካርታም ይይዛል። መኪናው ቢሰበር ከመኪናው አይርቅም፤ ከሰው ይልቅ መኪና ከሩቅ ይታያልና።

በምድሪቱም ላይ ክፉ አያደርግም። በዚያ እንጨት መልቀም የተከለከለ ነው፤ በበረሃ አንድ ቍጥቋጦ እስኪያድግ ብዙ ዘመን ይፈጃልና።

ልጆች ሆይ፥ መሰናዳት ፍርሃት አይደለም። ውኃን በቤት የሚቈጥር ሰው የባልንጀራውን ሕይወት ይቈጥራል። ማንሊና ሮጀርስ ለሚጠብቋቸው እንደ ተመለሱ፥ እናንተም ከመነሣታችሁ በፊት አብረዋችሁ የሚሄዱትን ሁሉ አስቡ።

ጥያቄ።
1. መንገደኞቹ ከመሪያቸው ለምን ተለዩ?
2. ሁለቱ ሰዎች እህል ካገኙ በኋላ ለምን ተመለሱ?
3. አራት ሰዎች በበረሃ አምስት ቀን ቢቀመጡ ቢያንስ ስንት ሊትር ውኃ ያስፈልጋቸዋል?