«ኢንሲዲየስ»፦ አድፍጦ የሚጠብቅ ጉዳት

የሕክምና ወረቀት ላይ «ኢንሲዲየስ» የምትል የእንግሊዝኛ ቃል አጋጥማችሁ ታውቃለች? ሐኪም «መቼ ጀመረዎት?» ሲል ታማሚው «እንጃ ዶክተር፣ ቀስ እያለ ነው» ካለ የምትጻፈው እሷ ናት።

ሥሯ ላቲን ነው። «ኢን» ማለት ውስጥ ወይም ላይ፣ «ሴዴሬ» ደግሞ መቀመጥ። ከሁለቱ «ኢንሲዲዬ» ተወለደ፤ ሽምቅ ማለት ነው፣ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ተቀምጦ ማድፈጥ። እንግሊዝኛ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወሰዳት። «ስውር» ብለን ብንተረጉማት ግማሹ ይቀራል። ስውር ነገር ዝም ብሎ ሊደበቅ ይችላል፤ ይሄኛው ግን ተደብቆ ሥራውን እየሠራ ነው።

ለምሳሌ የማገዶ ጭስ። ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ እንጦጦ የአዲስ አበባን ምጣድ ሲያነድ ኖሯል። እናቶች ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው በየካ በኩል ሲወርዱ ያላየ የሰፈር ልጅ የለም። ያ ጭስ ጠባብ ማድቤት ውስጥ ለዓመታት ሲሳብ የሳንባን የአየር ቧንቧ ያጠብባል። ሕክምናው ሲኦፒዲ ይለዋል። ሲጋራ አፏ ገብቶ የማያውቅ እናት ሊይዛት ይችላል!

ችግሩ ሳንባ ትርፍ አቅም ስላለው መጀመሪያ ላይ ምንም አይታወቅም። ከዚያ ዳገት ያቃታል። ሰዉም «ዕድሜ ነው»፣ «እንጦጦ እኮ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ማንም ያለከልካል» ይላል። እውነት ነው፣ ከፍታው ያለከልካል። ግን አምና ሳያርፉ የወጡትን ዳገት ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ቆመው ከወጡ ዳገቱ አልጨመረም። ብዙ እናቶች ደግሞ ዳገቱን ራሱን ይተዉታል፤ ጎረቤት መሄድ ይቀራል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጁ ላይ ይሆናል። ስለዚህ «ያምሻል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ «ምን መሥራት ተውሽ?» በሏቸው።

የጠፋው የሳንባ አቅም በአብዛኛው አይመለስም፤ ጭሱን መቀነስ ግን የቀረውን ያቆያል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተቻለ እሰየው፤ ካልተቻለ ደረቅ እንጨት፣ የጭስ መውጫና የተከፈተ በር። ሕፃን አዝሎ መጋገር ይቅር።

ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ የቲቢ ምርመራ ይቅደም። ትንፋሽ ማጠር የልብ ድካም ወይም የደም ማነስም ሊሆን ስለሚችል በግምት መድኃኒት አትግዙ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የትንፋሽ መለኪያ የት እንዳለ ጠይቁ። ተቀምጠው እያለ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።