«ለ10 ሰው ላክ»፦ ሰንሰለታዊ የሐሰት መልእክትን ለይቶ ስለማወቅና መልስ ስለመስጠት

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቀድሞ በኢሜይልና በአጭር የስልክ መልእክት፣ አሁን ደግሞ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉ ሰንሰለታዊ የሐሰት መልእክቶችን እንዴት ለይተን እንደምናውቅና ሲደርሱን ምን ማድረግ እንደሚገባን ማሳየት ነው። ምሳሌዎቼን በተቻለ መጠን ከማውቀው አገር፣ ከላሊበላና ከላስታ ወስጃለሁ። እኛ አካባቢ አንድ ልጅ ጋዜጠኝነት ይማራል ከተባለ ለእረፍት ቤቱ በገባ ቁጥር ስልክ ይዞ የማይመጣበት ሰው የለም። «እስቲ አንተ ተማሪው፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ይሉታል። መቼም ይህ ጥያቄ የማይጠብቀው የክፍላችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ሰንሰለታዊ መልእክት ምንድን ነው?

ሰንሰለታዊ መልእክት ማለት ይዘቱ ሃይማኖት ይሁን፣ ጤና ይሁን፣ ሎተሪ ይሁን፣ ተቀባዩን «ለሌሎች አስተላልፍ» ብሎ የሚያዝ መልእክት ነው። ነገሩ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አይደለም። ታላላቆቻችን በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍና በትምህርት ቤት ግቢ ይታደል የነበረውን ወረቀት ያስታውሳሉ። አንድ ስማቸው ያልተጠቀሰ አባት ራእይ አዩ ይላል፤ አባዝቶ ያደለ በረከት ያገኛል፣ የቀደደ ግን መቅሠፍት ይደርስበታል ብሎ ይጨርሳል። ዛሬ በስልካችን የሚደርሰን «ለ10 ሰው ላክ፣ ማታ ደስ የሚል ዜና ትሰማለህ» የሚለው የዚያው ወረቀት ልጅ ነው።

በዓለም ደረጃ ከሚታወቁት የኢሜይል ምሳሌዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራጨው «ጉድ ታይምስ» ነው። «ጉድ ታይምስ የሚል ርእስ ያለው ኢሜይል ከደረሳችሁ አትክፈቱት፣ ኮምፒዩተራችሁን ያጠፋዋል፤ ለወዳጆቻችሁም ንገሩ» ይል ነበር። እንዲህ ያለ ቫይረስ ግን አልነበረም። እየተባዛ የሰውን ጊዜና የመልእክት ሣጥን ያጣበበው ራሱ ማስጠንቀቂያው ነው። ያሠራጩትም አብዛኞቹ ወዳጆቻቸውን ለማዳን ያሰቡ ቅን ሰዎች ነበሩ። ይህ ነጥብ በኋላ ስለ መልስ አሰጣጥ ስናነሣ ይጠቅመናል።

ከስልክ ወደ ቅዳሜ ገበያ

በከተማ የሚጻፉ ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱ ከስልክ ወደ ስልክ ብቻ የሚሄድ አድርገው ያዩታል። ላስታ ላይ ግን መንገዱ እንዲህ አይደለም። ላሊበላ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ዓርብ ማታ በስልኩ ያነበበው ነገር ቅዳሜ ገበያ ላይ ይወራል። ከዚያ ከገበያተኛው ጋር ወደ ብልብላ፣ ወደ ገነተ ማርያም፣ ወደ ኩልመስክ በእግር ይወጣል። ለገና ሲሆን ደግሞ ከየአገሩ የመጣው ምእመን ወደየመጣበት ይዞት ሊመለስ ይችላል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ መልእክቱ መለያውን ያጣል። «ለ10 ሰው ላክ» የሚለው ይቀራል፤ የተደረደረው ቃለ አጋኖም፣ የፊደል ግድፈቱም፣ የተያያዘው አጠራጣሪ ፎቶም ይቀራል። የሚተርፈው «… አሉ» የሚለው ብቻ ነው። ታዲያ «አሉ» ባለቤት የለውም፤ ማን እንዳለ አይታወቅም። ከዚህም በላይ ወሬው በአፍ ሲሄድ ማስተባበያው በስልክ ይቀራል። በፌስቡክ «ሐሰት ነው» ተብሎ ቢጻፍ ስማርት ስልክ የሌላቸው ገበሬ አያገኙትም። ስለዚህ መልእክቱን ማቆም የሚቀለው ገና ስልክ ውስጥ እያለ፣ በእኛ እጅ ላይ ነው።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም በተባለ ቦታ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ለጤና ጥናት ከተሰማሩ ባለሙያዎች መካከል 2ቱ በሕዝብ ተገድለዋል። መነሻው «ልጆቻችንን በመርፌ ሊገድሉ መጡ» የሚል ወሬ ነበር። ወላጆች ለልጆቻቸው ሠግተው ነው የተነሡት፤ ሆኖም ለልጆች ጤና የሚሠሩ ሰዎች ሞቱ። ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን መግባቱ ሲነገርም ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ መድኃኒት ናቸው የሚሉ መልእክቶች ተዛምተው ነበር። ነጭ ሽንኩርት መብላት ማንንም አይጎዳም፤ የሚጎዳው «በልቻለሁ፣ አይዘኝም» ብሎ ያለ ጥንቃቄ መዋል ነው።

መለያ ምልክቶቹ

1ኛ. ትእዛዝ፦ እውነተኛ ዜና ነገሩን ነግሮ ያበቃል። ሰንሰለታዊ መልእክት ግን ከነገሩ ይልቅ ለማስተላለፉ ይጨነቃል፤ የሰውም ቁጥር፣ ሰዓትም ይወስናል።

2ኛ. ቀን አለመኖር፦ «ዛሬ ማታ»፣ «ከነገ ጀምሮ» የሚል መልእክት በማንኛውም ቀን አዲስ ይመስላል። እውነት የነበረ ነገር እንኳ ቀን ከሌለው ሐሰት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1989 ክሬግ ሸርጎልድ ለተባለ የአንጎል ዕጢ ላለበት እንግሊዛዊ ሕፃን የመልካም ምኞት ካርድ ላኩ የሚል እውነተኛ ጥሪ ተላለፈ። ካርዱ በሚሊዮን ጎረፈ፤ በጊነስ መዝገብም ሰፈረ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1991 ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዳነ። ጥሪው ግን በፋክስ፣ በደብዳቤና በኢሜይል እየተለዋወጠ ለዓመታት ቀጠለ፤ ቤተሰቡ በቃችሁ ቢልም የሚሰማ ጠፋ።

3ኛ. ስም የለሽ ምንጭ፦ «አንድ ታዋቂ ዶክተር»፣ «የውጭ ዜና ማሠራጫዎች እንደዘገቡት» ይላል። የትኛው? መቼ? ብላችሁ ስትጠይቁ መልስ የለም።

4ኛ. ማስፈራሪያ ወይም ሲሳይ፦ ወይ መቅሠፍት፣ ወይ ያልተለፋበት ገንዘብ። ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያታለለው «ዲቪ ደርሶሃል፣ ይህን ያህል ዶላር በዌስተርን ዩኒየን ላክ» የሚለው ኢሜይል ነው። የአሜሪካ መንግሥት ግን ለዲቪ ዕድለኞች በኢሜይል «ደርሷችኋል» ብሎ ገንዘብ አስልኮ አያውቅም።

5ኛ. የማይመሳሰል ፎቶ፦ እዚህ ላይ የአገር ልጅነት ይጠቅማል። ለምሳሌ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን የሸፈኑት በብረት ምሰሶ የቆሙ ትልልቅ መጠለያዎች በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተሠሩ ናቸው። «ትናንት በላሊበላ የደረሰ ጉዳት» በሚል ርእስ የቤተ መድኃኔ ዓለም ፎቶ ቢመጣና መጠለያው ባይታይ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለብን የፎቶውን ዕድሜ ነው። በተቃራኒው ቤተ ጊዮርጊስ እንዲህ ያለ መጠለያ ካልተሠራላቸው አንዱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አዲስ አበባ ከተቀመጠ አርታኢ ይልቅ የላሊበላ ልጅ ቶሎ ያየዋል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ «ምናልባት እውነት ቢሆንስ» ብሎ አለማስተላለፍ ነው። የ«ጉድ ታይምስ» አሠራጮች ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሉት።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። መልእክቱን የሚልኩልን ባዕዳን ቢሆኑ ኖሮ ዝም ማለት ይበቃ ነበር። የሚልኩልን ግን አክስት፣ የክርስትና እናት፣ ያስተማሩን መምህር ናቸው። በቤተሰብ ግሩፕ ላይ «ይሄ ውሸት ነው» ብሎ ትልቅ ሰውን ማሳፈር ነውር ነው፤ ደግሞም አይሠራም፣ ሰው ሲያፍር ይሟገታል እንጂ አይመለስም። የተሻለው በግል መጻፍ ወይም መደወል ነው፦ «እማማ፣ የላኩልኝ ደርሶኛል፣ አስበውልኝ ስለሆነ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ማን ላከልዎት? ባለቤቱን ፈልጌ ላጣራና እነግርዎታለሁ፤ እስከዚያ ለሌላ ሰው አይላኩት።» ይህ ጥያቄ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እሳቸውም ላኪያቸውን ይጠይቃሉ። ሁለት ሦስት ሰው ወደ ኋላ ስንሄድ አብዛኛውን ጊዜ ያየ ሰው እንደሌለ እንደርስበታለን።

ሦስተኛ፣ ስናስተባብል የሐሰቱን መልእክት መልሰን አንላክ። እውነቱን አስቀድመን፣ በራሳችን ቃል፣ ከነቀኑና ከነምንጩ እንጻፍ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብቅ ያሉትን እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅ ቼክ ያሉ የመረጃ አጣሪዎች ሥራም ማየት ይጠቅማል። ወሬው አስቀድሞ ገበያ ወጥቶ ከሆነ ግን በስልክ መጻፍ አይበቃም። የጤና ነገር ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የሃይማኖት ከሆነ ለደብሩ አባቶች መንገር ያስፈልጋል፤ ሰው የሚያምነው የሚያውቀውን ነው።

አራተኛ፣ የማናውቀውን «አልተረጋገጠም» ማለት እንልመድ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ላሊበላ ከሐምሌ መጨረሻ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር ስልክና መብራት ተቋርጦ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለው ጊዜ ውጭ ያለው ዘመድ «ሞቱ» ወይም «ደኅና ናቸው» የሚል ማንኛውንም መልእክት ይይዛል። በዚያ ሰዓት ያልተጣራ ነገር መላክ የሰው ቤት ውስጥ ያለቦታው ልቅሶ ማስገባት ነው። ከቦታው የወጣ፣ በዓይኑ ያየ ሰው እስኪገኝ ድረስ «እስካሁን አልታወቀም» ማለት መራራ ቢሆንም መልስ ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሠራጨትን እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ይሁን እንጂ ፖሊስ በየቤተሰብ ግሩፑ ሊገባ አይችልም፤ እዚያ ያለነው እኛ ነን።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ሰንሰለታዊ የሐሰት መልእክት የሚታወቀው «አስተላልፍ» በሚለው ትእዛዙ ነው፤ የሚሰበረውም ወደ ኋላ ሄዶ «ማን አለ?» በመጠየቅ ነው። ይህ ደግሞ በመጀመሪያ ዓመት የዜና አጻጻፍ ትምህርት የተማርነው ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው እረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ለቤተሰባችን ይህችን አንዲት ጥያቄ ብናስተምር፣ ከሰበሰብናቸው ማስታወሻዎች ሁሉ የበለጠ ጥቅም ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።