ስለ ትኩሳት መድኃኒት

ፓራሲታሞል የሚባለውን መድኃኒት የማያውቅ ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። ራስ ሲታመም፥ ጥርስ ሲነዝር፥ ሕፃን ሲያተኩሰው ሰው ሁሉ አስቀድሞ እርሱን ይፈልጋል። ለትልልቅ ሰዎች በክኒን ይሰጣል፤ ለሕፃናት ግን እንዳይመራቸው ከጣፋጭ ነገር ጋር ተዋሕዶ በጠርሙስ ይዘጋጃል። በአሜሪካ አገር አሴታሚኖፌን ይሉታል፤ ስሙ ሁለት ቢሆንም መድኃኒቱ አንድ ነው።

በልኩ ለሚወስደው ሰው ይህ መድኃኒት እጅግ መልካም ነው። መልካምነቱን ስላዩም ብዙዎች እንደ ውሃ የማይጐዳ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ማር እንኳ ሲበዛ ይመራል፤ ይህስ ከልኩ ሲያልፍ ከመምረር የከፋ ሥራ ይሠራል፥ ጉበትን ይጐዳልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት በቀኝ ወገናችን ከጎድን አጥንት በታች ይገኛል። ፓራሲታሞልን የሚፈታው እርሱ ነው። ሲፈታውም ከመድኃኒቱ ጥቂቱ ወደ መርዝ ይለወጣል። ጉበት ግን ይህን መርዝ ይዞ የሚያስወጣ ግሉታታዮን የሚባል ዘበኛ አለው። መድኃኒቱ በልክ ሲሆን ዘበኛው ይበቃል። ሲበዛ ግን መርዙም ይበዛል፥ ዘበኛውም ያልቃል፤ ያን ጊዜ መርዙ ጉበትን ራሱን ይበላዋል።

የሕፃን ልክ የሚታወቀው በክብደቱ ነው። አሥር ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን አንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ነው፤ ይህም ከአራት ሰዓት በፊት አይደገምም፥ በአንድ ቀንና ሌሊትም ከአራት ጊዜ አያልፍም። አንድ የትልቅ ሰው ክኒን ግን 500 ሚሊግራም አለው። አስቡት፤ አባት ለራስ ምታቱ ሁለት ክኒን ውጦ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ያ ሕፃን አራት ቢያኝክ ግን ለጉበቱ የሚያስፈራ ልክ ላይ ይደርሳል።

የዚህ መርዝ ክፋት ከሁሉ ይልቅ በዝምታው ነው። በረኪና የጠጣ ሕፃን ወዲያው ይጮኻል፤ ፓራሲታሞል የጠጣ ግን ይጫወታል። በመጀመሪያው ቀን ምናልባት ያቅለሸልሸዋል ወይም ያስመልሰዋል፤ ምናልባትም ምንም አይታይበትም። በሁለተኛው ቀን ተሻለው ሲባል በቀኝ ጎኑ ሕመም ይጀምረዋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ጉበቱ እጅግ ከተጐዳ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፥ ደሙ አልረጋ ይላል፥ አእምሮውም ይደክማል። ስለዚህ «ደኅና ነው፥ ይሥቃል» ማለት በዚህ ነገር ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ እናታችሁ ወደ ገበያ ስትሄድ ታናሽ እኅታችሁን እንድትጠብቁ አዘዘቻችሁ እንበል። እናንተ በጨዋታ ሳላችሁ ሕፃኒቱ ጠርሙሱን ከፍታ አገኛችኋት፤ ግማሹ የለም። ቁጣውን ትፈራላችሁ፤ እርስዋም ትሥቃለች። ጠርሙሱን ጠርጎ ወደ ቦታው መመለስና ዝም ማለት እጅግ ቀላል ሆኖ ይታያል። ነገር ግን እናታችሁ ካልሰማች ሐኪሙም አይሰማም፤ በሦስተኛው ቀን ቢሰማ መልካሙ ሰዓት አልፏል። እናታችሁ እስክትመለስ እንኳ አትቆዩ፥ ለጎረቤት ንገሩ። (ይህን ገጽ የሚያነቡ ወላጆች ቢኖሩ አንድ ቃል ልጨምር፤ እውነት ተናግሮ የተገረፈ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።)

ወደ ሐኪም ቤት ሲኬድ ጠርሙሱ አብሮ ይወሰድ፤ ምን ያህል እንደ ጐደለና መቼ እንደ ተጠጣም ይነገር። ወተት አጠጥቶ መጠበቅ፥ ጣት አግብቶ ማስመለስም አይገባም። ሐኪሙ ሕፃኒቱ ከጠጣች አራት ሰዓት ሲሞላ ደሟን ይመረምራል። ለመርዙ ማርከሻ አለው፥ ስሙም አሴቲልሲስቴይን ነው፤ ያለቀውን ዘበኛ ይተካል። በስኮትላንድ አገር በኤድንብራ ከተማ ፕሬስኮት የተባለ ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በደም ሥር እየሰጠ ኀይሉን አሳየ። ከስምንት ሰዓት በፊት ሲሰጥ ጉበትን ከጉዳት ይጠብቃል ለማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላም ይረዳል፥ ነገር ግን ሰዓቱ በራቀ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሕፃኑ ሳይነካው በሚወዱት ሰዎች እጅ የሚመረዝበትም ጊዜ አለ። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል እናት በየሁለት ሰዓቱ ትሰጣለች፤ አያትም ሳታውቅ ትደግማለች፤ ለጉንፋን የተገዛውም ሽሮፕ ያንኑ መድኃኒት ይዞ ይገኛል። ጠርሙሶቹም ሁሉ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ አገር ለጨቅላ ሕፃናት በጠብታ ይሸጥ የነበረው ለትልልቆቹ ልጆች ከሚሸጠው ሽሮፕ ሦስት እጥፍ ያህል የበረታ ነበር። ጠብታውን በሽሮፑ ልክ እየሰፈሩ የሰጡ ወላጆች ስለ ነበሩ ሕፃናት ተጐዱ። ስለዚህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ የሕፃናቱን ሁሉ በአንድ ልክ፥ ማለት በአምስት ሚሊ ሊትር 160 ሚሊግራም፥ ሊያደርጉት ተስማሙ። በሌሎች አገሮች ግን ብርታቱ የተለያየ ይሸጣል። እንግዲህ በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ይነበብ፤ በአንዳንድ ቤትም ይህን ማንበብ የሚችለው ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ ብቻ ነው። የሚሰፈረውም አብሮት በመጣው መስፈሪያ እንጂ በወጥ ቤት ማንኪያ አይደለም።

አንዳንዱ ጠርሙስ ካልተጫኑት የማይዞር ክዳን አለው። ይህ ሕፃንን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያግደውም፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ። ሕፃኑ እንዲውጥ ብለውም «ከረሜላ ነው» አይበሉት፤ በማግስቱ ከረሜላውን ሊፈልግ ይነሣልና።