ኤን ትሬዋን ያጠቧት ዕለት

ብርብር ከተማ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ጋሼ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። በጉብዝናቸው ወራት የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ፤ ኋላ የሱቅ ታፔላና የካሶኒ ጽሑፍ እየጻፉ ኖሩ፤ አሁን ከዘይት ቆርቆሮ ትንንሽ መኪና ይሠራሉ። ልጁ የጎረቤት ልጅ ነው። ክንድ የምታህል የቆርቆሮ አይሱዙ ታቅፎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ መጥቷል።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ተበላሸችብኝ። ሥራ የበዛባት መኪና ትምሰል ብዬ ቡናማ የዘይት ቀለም ባለብሳት ጭራሽ አዲስ መሰለች። በአኳራጅ ልጠርገው ስል ደግሞ ሥር ያለው ነጩ ቀለም ተነሥቶ መጣ።

ጋሼ፦ የዘይት ቀለሙን ከየት አመጣኸው?

ልጅ፦ በራችንን ከቀባንበት የተረፈ ነው።

ጋሼ፦ እሱማ የበር ቀለም ነው። ስሙ ነው ያሳሳተህ። የሠዓሊው የዘይት ቀለም እንደ ጥርስ ሳሙና በቱቦ የሚመጣው ነው። ዘይቱም የተልባ ዘይት ነው፤ ያው እናትህ ለጾም የምትወቅጠው ተልባ። የበሩ ቀለም የተሠራው ቶሎ ደርቆ እንዲያብረቀርቅ፣ ዝናብ እንዲመልስ ነው። የቱቦው አይቸኩልም። እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ነው ቀስ ብሎ የሚጠጥረው፣ ቀናት ይፈጃል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ይህንኑ መዘግየቱን ነው። ጠዋት ያስቀመጥከውን ነጥብ ማታ ስበህ ታደበዝዘዋለህ፤ ካልወደድከው ትጠርገዋለህ።

ልጅ፦ ነጩስ ለምን ተነሣ?

ጋሼ፦ እሱም የበር ቀለም ነዋ! አኳራጅ የሚያሟሟውን በአኳራጅ ትጠርጋለህ? ታችኛው ቀለም በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሁን። የለም ካልክ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቀህ፣ በውኃ በሚቀጥን ቫርኒሽ ሸፍነው። ከዚያ በኋላ አኳራጅ አይደፍረውም። ና፣ ይችን የእኔን ተመልከት። ያንን ካርቶን አቀብለኝ።

(ካርቶኑ ላይ ከአራት ቱቦ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ቀለም ጨመቁ፦ ጥቁር ቡናማ፣ የተቃጠለ ጡብ የመሰለ ቀይ፣ ቢጫ አፈር፣ ነጭ።)

ልጅ፦ ለምን ካርቶን ላይ? ሳህን አይሻልም?

ጋሼ፦ ሳህን ዘይት አይጠጣም። ትንሽ ቆይተህ እየው፤ በየቀለሙ ዙሪያ ዳቦ የተቀመጠበት ወረቀት ይመስል የዘይት ክብ ይወጣል። ትርፍ ዘይቱ ወደ ካርቶኑ ሲሄድ የቀረው ቀለም ሲደርቅ አያብረቀርቅም። አቧራ አብረቅርቆ አይተህ ታውቃለህ? አሁን ከጥቁር ቡናማው ቅንጣት ወስደህ ሻይ እስኪመስል በአኳራጅ አቅጥነው። በጥቁር አትጀምር፤ በትንሽ ሥራ ላይ ጥቁር ይጮኻል። የብሩሹን ጫፍ ከመኪናዋ በር ስንጥቅ ላይ ነካ አድርገው ብቻ። አየህ? ራሱ ሮጠ። ምስማሩ ራስ ዙሪያ ገባ፣ ማጠፊያውን ተከትሎ ወረደ። የፈሰሰውን በንጹሕ ብሩሽ ልቀመው። መላዋን አትለቅልቃት፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ልጅ፦ እሺ። ቆሻሻውንስ የት የት ላድርግ?

ጋሼ፦ ይኼን ነው መጠየቅ! ፈረንጆቹ ይህን ሙያ ይበልጡን ያሳደጉት በትንንሽ የታንክ ሞዴል ላይ ነው። ፍራንሷ ቬርሊንደን የሚባል ቤልጅጋዊ በቀጭን ቀለም ማጠብንና በደረቅ ብሩሽ ማበስን ለብዙዎች አስለመደ፤ ሌሎችም እየተቀበሉ አራቀቁት። መጽሐፋቸው ጥሩ ነው። ጭቃው ግን የእነሱ ጭቃ ነው። አንተ የእነሱን ጭቃ ገልብጠህ የብርብር አይሱዙ ላይ ብትለጥፍ መኪናዋ የት እንደዋለች ማን ያውቃል? ቆሻሻ መንገድ አለው። ዝናብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ከበሩ ላይ ነጥብ ነጥብ ታደርግና፣ አኳራጅ በሸተተው ጠፍጣፋ ብሩሽ ወደ ታች ብቻ ትስበዋለህ። አቧራ ከጎማው ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ፓራፋንጎው ሥር ይወፍራል፣ ጣሪያው ላይ ይሳሳል። ቀለሙንም ከመጽሐፍ አትውሰድ። ዓባያ ሐይቅ ለምን እንደ ጫሞ ሰማያዊ አልሆነም? ወንዞቹ የሚያመጡለት ደለል ውኃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚቀር ነው ቡናማ ቀይ የሆነው። ሐሬና ባሶ ሲሞሉ ወርደህ እይ፤ የፓራፋንጎህ ቀለም እሱ ነው።

ሙዙንስ ተመልክተሃል? የተቆረጠ የሙዝ ግንድና ዘለላ የሚያወጣው ውኃ ልብስ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ምንም አይመስልም፤ ሲውል ሲያድር ይጠቁራል፣ በሳሙናም አይለቅም። እዚህ ሙዝ የሚጭን አይሱዙ ካሶኒው ወለል ላይ፣ ከኋላ መዝጊያው ከንፈር ላይ፣ ያ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። ደረቅ የሙዝ ቅጠልም በመንጠቆው ሥር ተሰንቅሮ ይቀራል። ይህን የየትኛውም አገር መጽሐፍ አይነግርህም።

እጅም ያቆሽሻል፣ እጅም ይወለውላል። የጭነት መኪናው ተለዋውጧል፤ ከጣሊያን ጋር የገባው ትሬንታ ኳትሮ፣ ቀጥሎ የመጣው ኤን ትሬ፣ ከዚያ አይሱዙው፤ ሁሉም ላይ ግን የእጅ ምልክት አለ። እኔ የሠራሁባት ኤን ትሬ መሪዋ በቀኝ ነበር። የሹፌሩ ክርን የሚያርፍበት የቀኝ በር ጠርዝ ቀለሙ አልቆ ብረቱ እንደ ማንኪያ ያበራ ነበር፤ የግራው በር ግን ደህና ነው። እኔ የምንጠለጠልበት የኋላ መሰላል ደግሞ ሁለተኛው እርከን ብቻ ተልጧል፤ ሦስተኛውን ዘልዬው ስለምወጣ።

(ልጁ እዚህ ድረስ ቃል አልተነፈሰም፤ እጁ ላይ ያለው ብሩሽም ደርቋል።)

ያችን ኤን ትሬ ነው በ1 ለ24 ልክ የሠራኋት። ሁለት ወር ፈጀችብኝ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ኤግዚቢሽን አለን ብሎ ለመነኝ፤ ሰጠሁ። የክርኑን ጠርዝ ሠርቻለሁ። ጥጥ ስንጭን ካሶኒው ጣውላ ውስጥ የሚቀረውን ብናኝ ሠርቻለሁ። የኤግዚቢሽኑ ዕለት ጠዋት ካፖርቴን ለብሼ ብሄድ፣ ጌታዬ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ታበራለች! በኦሞና በስፖንጅ አጥበዋታል። «አቧራ ይዟት ነበር፣ አጸዳንልዎ» አሉኝ፣ እየሳቁ። መሳቃቸው! ገብቶኛል እኮ። ትልቅ እንግዳ ይመጣል፤ የድሃ መኪና ያሳፍራል። እኛ ሰዎች ብዙ የሠራ ዕቃ አይተን አናከብርም፤ አዲስ ካልሆነ እንደብቀዋለን። ለእንግዳ የተሰነጠቀውን ስኒ የምንሸሽገው ለምንድን ነው? በዚያ ስኒ ስንት ሰው ጠጥቷል! መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሳልፍ እስከ ዛሬ በማዶ ነው የምሄደው።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ምናልባት እውነተኛ አቧራ መስሏቸው እንዳይሆን።

ጋሼ፦ ባለቤቴም ይህንኑ ብላኛለች። አልተቀበልኳትም።

ልጅ፦ ግን የዘይት ቀለም ከደረቀ በኋላ በኦሞ ይነሣል እንዴ?

ጋሼ፦ አይነሣም። ስንጥቁ ውስጥ ያለውም፣ የዝናቡ ጭረትም አልተነካም። የሄደው ላዩ ላይ የነሰነስኩት የአፈር ዱቄት ነው።

ልጅ፦ በላዩ ደብዛዛ ቫርኒሽ አልነፉበትም ነበር?

(ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት።)

ጋሼ፦ ያንተዋ ላይ ደግሞ አፈር በኮላ ለጥፈሃል፤ ምንድን ነው ይኼ?

ልጅ፦ ከመንገድ ዳር ያመጣሁት ነው።

ጋሼ፦ ሒሳብ ተምረሃል አይደል? መኪናዋ በ24 እጥፍ ካነሰች፣ 1 ሚሊ ሜትር የሆነች አሸዋ ትልቋ መኪና ላይ ስንት ትሆናለች? 24 ሚሊ ሜትር። ጠጠር ነው የለጠፍክባት! አፈሩን ውቀጠው፣ እንደገና ውቀጠው፣ በነጠላ ንፋው፤ ዱቄቱን በአኳራጅ ነክረህ ፓራፋንጎው ሥር ብቻ አስቀምጥ። ሲደርቅ ትርፉን በብሩሽ ጥረግ። ከዚያ ቫርኒሹን ንፋበት።

ልጅ፦ እርስዎ ያልነፉትን?

ጋሼ፦ ብሩሹን ያዝ አልኩህ። ከበሩ እጀታ ሥር፣ ቀዩን፣ ሁለት ነጥብ። በቃ፣ ሁለት! ወደ ታች ሳበው፤ አትጫነው። ብሩሹን በጨርቅ ጥረግና ድገም፤ ታች ስትደርስ መጥፋት አለበት። እንደዚያ። የግራ በር ነው አይደል፣ የአይሱዙ ሹፌር በግራ ነው የሚቀመጠው፤ እንግዲህ ክርኑን እዚያ ጠርዝ ላይ ታደርገዋለህ፣ ዛሬ ግን አይደለም። እስከ ሐሙስ እንዳትነካት። ስትመጣ በመጀመሪያ ሙዝ መጫኛው ጋ ሂድና አንዱን አይሱዙ ከኋላው ቆመህ እየው፤ ረዳቱ የትኛውን እርከን እንደሚረግጥ ንገረኝ። የአኳራጁን ክዳን ግጠመው፣ እዚያ ጋ ከሰል ተያይዟል።