ፍም ከሰው ጋር አይደር



የክረምቱ ብርድ ሲገባ፣ ዳግመኛም በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ውርጭ ሲበረታ፣ በከተማችን ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ዓይነት የሞት ወሬ አለ። ማታ ራታቸውን በልተው፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ሶላታቸውን ሰግደው የተኙ ሰዎች ጠዋት በራቸው ሲንኳኳ መልስ ይጠፋል። በሩ ተሰብሮ ሲገባ ከአልጋው አጠገብ አመድ የለበሰ የከሰል ምድጃ ይገኛል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጀናዛው ይወጣል፣ «ቀናቸው ደርሶ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የአላህን ቀደር የሚክድ ሙስሊም የለም። ይሁንና በቀደር ማመን ማለት ምክንያትን አለመመርመር ማለት አይደለም። በቀደር አምናለሁ ብሎ የፎቁን ደረጃ ያለ መከታ ትቶ ሕፃኑን የሚለቅ አባት አላየሁም።

እኔ ለረጅም ዓመታት በጤና ሙያ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። በሌሊት ተረኛነቴ ከሰል ያፈናቸውን ሰዎች በተደጋጋሚ ተቀብያለሁ። ከፊሎቹ ኦክስጂን ተሰጥቷቸው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ከፊሎቹ ግን ከመምጣታቸው በፊት ነገሩ ያበቃ ነበር። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት አንድ ነገር ለማለት ነው፦ የነደደ ከሰል ሰው በሚተኛበት ክፍል ማደር የለበትም። በአመድ ተዳፍኖም ቢሆን፣ ጭሱ አልቆም ቢሆን፣ መስኮቱ ገርበብ ብሎም ቢሆን።

ለመሆኑ ከፍሙ የሚወጣው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ገዳዩ ጭሱ ይመስለዋል። ጭስ ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ስለዚህም ሰው ይሸሸዋል። ጠንቃቃ የሆነችው የቤት እመቤትም ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥላ፣ ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ሲሆን ታስገባዋለች። ለዓይንና ለሳንባ ይህን ማድረጓ ደግ ነው። ነገር ግን ገዳዩ ከጭሱ ጋር አልሄደም፤ ከፍሙ ጋር ገብቷል።

ከሰል ማለት ከሞላ ጎደል ካርቦን ነው። አየር እንደልብ ሲያገኝ ነድዶ የሚሰጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በምድጃው ውስጥ በተከመረው ፍም መካከል ግን አየሩ አይዳረስም፤ ከታች የተፈጠረውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ከሰል መካከል ሲያልፍ ወደ ሌላ ጋዝ ይለወጣል። ይህ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ነው። በቀዩ ፍም ላይ አንዳንዴ ብቅ ጥልቅ የምትል ሰማያዊ ነበልባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርሷ ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነው። ሳይቃጠል የሚያመልጠው ደግሞ ወደ ክፍሉ ይሰራጫል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ፍሙ በአመድ ሲዳፈን አየሩ ይበልጥ ስለሚያንሰው ጋዙ አይቆምም፤ እሳቱ ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሰዋል።

ወደ ሰውነት ሲገባ የሚሠራውን በታክሲ ልመስለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጂንን ከሳንባ ተቀብሎ ለአካላት የሚያደርስ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚህ ሄሞግሎቢን ጋር የመያያዝ ኃይሉ ከኦክስጂን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ወንበሩን ቀድሞ ይይዝና አልወርድም ይላል። ኦክስጂን ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ታክሲው ግን ሞልቶ ያልፋል። አንጎልና ልብ በዚህ ጊዜ ይራባሉ። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፤ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ የሐሳብ መደነጋገር ይከተላሉ። ከሞት የተረፉ ሰዎች የነገሩኝ አንድ ነገር ዘወትር ያስደነግጠኛል፦ «በሩን አይቼዋለሁ፤ እግሬ ግን እንቢ አለኝ።» የተኛ ሰውማ ይህንን እንኳ አያገኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የቤት ውስጥ አየር መመሪያ ይህ ጋዝ ለአንድ ሰዓት ከሆነ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ35 ሚሊግራም፣ ለስምንት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጊዜው ሲረዝም መጠኑ እንዲያንስ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ስምንት ሰዓት ማለት እኮ አንድ ሌሊት ነው። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ሳስቶ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ኦክስጂን ስለሚጎድለው፣ መርዙ ሲጨመርበት ሰውነታችን የሚቆጥበው ትርፍ የለውም።

የጭቃው ቤትና የብሎኬቱ ቤት

ባለፉት ዓመታት በአንዱ በኮንዶሚኒየም የምትኖር የዘመድ ልጅ ወልዳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለሚሉት ጎረቤቶቿም፣ «ሙባረክ» ለምንለውም በሯ ክፍት ነበር። የአራሷ ክፍል ግን ዝግ ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ጥግ ላይ ምድጃ ሙሉ ፍም አለ፤ በላዩ ዕጣን ይጨሳል። አራሷ ሁለት ቀን ሙሉ ራሷን እንዳመማት ነገረችኝ። ቤተሰቡ ዓይን ነው ብሎ ተስማምቷል። ሕፃኑ ብዙ ይተኛል፣ ጡት ለመያዝም ይሰንፋል። አያትየውም «ደህና ልጅ ነው፣ አያስቸግርም» ይላሉ።

«ሐጃ፣ ይህ ከሰል ይውጣ፤ መስኮቱም ይከፈት» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አራስ ናት፤ ብርድ ይገባታል። ደግሞ ፍም ነው፣ ጭስ የለውም። እኔ ሰባት ልጅ ያሳደግኩት እንዲሁ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። መልሴም እርሳቸው ውሸት ተናገሩ የሚል አልነበረም። «ሐጃ፣ እርስዎ ያሳደጉበት ቤት የጭቃ ነበር። ግድግዳው ስንጥቅ አለው፣ ቆርቆሮውና ግድግዳው አይገናኙም፣ የበሩ ሥር ድመት ያሳልፋል። ያ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍስ ነበር። ይህ ግን ብሎኬት ነው፤ መስተዋቱ ገጥሞ ተዘግቷል፤ አይተነፍስም» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያ አውጡት» አሉ። እናትና ልጅን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ኦክስጂን ተሰጣቸው፤ አልሐምዱሊላህ ሁለቱም ዳኑ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልማዱ ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ቤት አብሮን ተዛወረ፤ ስንጥቁ ግን አልተዛወረም። የመብራት መቋረጥ ሲመጣ፣ የጋዝና የኤሌክትሪክ ወጪ ሲከብድ ከሰሉ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገባል። አራስና ነፍሰ ጡር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳሉ፤ በማሕፀን ያለ ፅንስ ይህን መርዝ ከእናቱ ይበልጥ ያጠራቅማል፣ የሚለቀውም ዘግይቶ ነው። ሕፃንን ለማሞቅ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ አድርጎ፣ ራሱን በኮፍያ ሸፍኖ፣ ሁለቱን በአንድ ብርድ ልብስ መጠቅለልን የሚያህል ዘዴ የለም፤ ወጪም የለውም።

ይህ የድሃ አገር ነገር ብቻ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 በአሜሪካ ሲያትልና አካባቢዋ የሆነውን ያስታውስ። ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የኤሌክትሪክ መስመር ቆራርጦ ብዙ ሕዝብ በብርድና በጨለማ ሲቀር፣ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱና ጀነሬተር ያስነሱ ሰዎች ተመርዘዋል፤ የሞቱም አሉ። ብዙዎቹ ተጎጂዎች ስደተኞች ነበሩ። የከተማዋ ጋዜጣ ሲያትል ታይምስ ማስጠንቀቂያውን በፊት ገጹ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች እስከ ማተም ደርሷል። በዚያች ከተማ የኛ ሰው ብዙ ነው፤ ቡናውንም ዕጣኑንም ይዞ ነው የሄደው።

ጨውና ሽንኩርት

በከሰሉ ላይ ጨው የሚበትኑ አሉ። በክፍሉ ውስጥ በጎድጓዳ ሳህን ውኃ የሚያስቀምጡ፣ ሽንኩርት የሚከትፉም አሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድን ጨው አይገድለውም፣ ውኃ አይጠጣውም፣ ሽንኩርትም አይስበውም። ክብደቱ ከአየር ብዙም የማይለይ ስለሆነ ከላይም ከታችም እኩል ይሰራጫል፤ ስለዚህ ወለል ላይ የተኛም አልጋ ላይ የተኛም አያመልጠውም። ለተመረዘ ሰው ወተት መጋትም እንዲሁ ነው። መርዙ ያለው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ደም ውስጥ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ሌላ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። ሰው ተደናግሮ ሲለፈልፍ፣ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ሌሊት ሲያመው «ጂን ነው» ተብሎ በሩ እንደተዘጋ ቁርኣን የሚቀራባቸው ቤቶች አሉ። ሩቅያን የምቃወም አይደለሁም። ነገር ግን በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ሲቀላቸው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ምድጃው ነው። ሰውየው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ የሚቀራለትም በመንገድ ላይ ይቀራለት። በር ተዘግቶ፣ ቡናና ዕጣን በከሰል፣ አንዳንዴም ሺሻ በሚጨስበት የበርጫ ክፍል የሚያድረው ራስ ምታትም ከምርቃናው ብቻ የመጣ አይምሰላችሁ። የጫቱን ነገር ለሌላ ቀን ላቆየው።

በዲናችን ደግሞ ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነነዋሪዎቹ ተቃጥሎ ነበር። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው እሳት ለሰዎች ጠላት መሆኑን አስገንዝበው፣ ሲተኙ እንዲያጠፉት አዘዙ። በሌላ ዘገባም አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤቱን ልታቃጥል እንደምትችል ምክንያቱን ገልጸዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ያ የኩራዝ ዘመን ነው፣ ዛሬ አምፖል አለ» ይላል። ኢማም ነወዊ የሙስሊምን ስብስብ ባብራሩበት ኪታባቸው፣ አደጋ የማያሰጋው የተሰቀለ መብራት ቢተው ችግር እንደሌለው ጽፈዋል፤ ምክንያቱ ሲወገድ ክልከላውም ይወገዳልና። እንግዲህ ምክንያቱ ካለ ትእዛዙም አለ ማለት ነው። በተዘጋ ክፍል ያለ ፍም ሥጋቱ ከኩራዙ በምን ያንሳል?

ከከሰል ጋር የሚያድረው ማነው?

በእኔ ልምድ ብዙውን ጊዜ የሚታፈነው የቤቱ ባለቤት አይደለም። ወጥ ቤት ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ የምትተኛው ሠራተኛ፣ በር ላይ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ የሚያድረው ዘበኛ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ለአራትና ለአምስት ሆነው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ዘበኛው ምድጃውን ወደ ጎጆው የሚያስገባው ስለ ጋዙ ባለማወቅ ብቻ ሳይሆን ብርድ ልብስ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ለአሠሪዎች የምለው «ንገሯቸው» ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛ ብርድ ልብስና ወፍራም ካፖርት ግዙላቸው። ሠራተኛይቱም ከምድጃው ተለይታ የምትተኛበት ቦታ ይሰጣት። በረመዷን ደግሞ ለሱሑር ሻይ የተፈላበት ከሰል፣ ከፈጅር በኋላ ቤተሰቡ ተመልሶ ሲተኛ እዚያው ተረስቶ ይቀራል። ሱሑር እንዳለቀ ይውጣ።

ቡናው ይቅር አላልኩም። ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ፊት ለፊት ይከፈቱ፤ ሦስተኛው እንደተጠጣ ምድጃው ይውጣ። ሲወጣም በረንዳ ላይ ከመስኮት ሥር አይቀመጥ። ውኃ ይፍሰስበት፣ ወይም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ታፍኖ ውጭ ይደር። የዚህን ጋዝ መኖር በድምፅ የሚያስታውቅ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ምን ላምጣ ሲላችሁ ከሽቶ ይልቅ እርሱን አስመጡ። የእንግሊዝ ከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች መሣሪያው ሳይሠራላቸው በፊት ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው ይገቡ ነበር። ወፏ ስትወድቅ እነርሱ ይሸሻሉ። ይህ ልማድ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው።

የታፈነ ሰው ያገኘ መጀመሪያ በርና መስኮቱን ይክፈት፤ ትንፋሹን ይዞ ይግባና ሰውየውን ጎትቶ ወደ ውጭ ያውጣ። ውስጥ ቆሞ መቀስቀስ አያስፈልግም፤ አዳኙ ከታፈነው አጠገብ ሲወድቅ ታይቷል። በአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ በ907 ይጠራሉ። በክፍሉ ያደሩት ሁሉ፣ ደህና ነኝ የሚሉትም ጭምር፣ ኦክስጂን ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። በንጹሕ አየር ብቻ የመርዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በኦክስጂን ጭንብል ግን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ለሐኪሙ ደግሞ «ክፍሉ ውስጥ ከሰል ነበር» ብላችሁ ንገሩት። ጣት ላይ የምትደረገው የኦክስጂን መለኪያ ሁለቱን ጋዞች ስለማትለይ፣ በሽተኛው በሞት አፋፍ ሆኖም ደህና ቁጥር ልታሳይ ትችላለች። ታክሞ የወጣ ሰውም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነገር መርሳት፣ የጠባይ መለወጥ ወይም የአካሄድ መዛባት ከታየበት ሳይዘገይ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።