በሳሪስ የሚያልፈው ባቡር፦ ታሪኩና አሠራሩ

ባቡር ለአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት የተዘረጋው የጅቡቲ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም በአቃቂ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፣ በመጀመሪያ በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ ሞተር ያገለግል ነበር። ሐዲዱና ባቡሮቹ እያረጁ በመሄዳቸው ግን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው አገልግሎት ተቋረጠ።

ዛሬ በሳሪስ የሚያልፈው የከተማ ቀላል ባቡር መስመር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። መስመሩ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በልደታ፣ በስታዲየም፣ በላንቻና በሳሪስ በኩል ቃሊቲ ይደርሳል፤ ርዝመቱ 17 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱም ስፋት 1.435 ሜትር ነው።

ብረት በብረት ላይ

የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ እጅግ አነስተኛ ነው። 60 ቶን የሚመዝን ባቡር እንውሰድ። በሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት ለመጓዝ 1.2 ኪሎ ኒውተን ያህል የመሳብ ኃይል ይበቃዋል እንበል። በ100 ሜትር ርቀት 2 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ሲገጥመው ግን ለዳገቱ ብቻ 12 ኪሎ ኒውተን ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ይጨመርበታል። ለመኪና ቀላል የሚመስል ዳገት ለባቡር ከባድ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በተጨማሪም ዝናብ ሐዲዱን ሲያረጥበው ሰበቃው ይቀንሳል፤ መንኮራኩሩም ሊንሸራተት ይችላል።

750 ቮልት ለምን ተመረጠ?

ይኸው ባቡር ዳገቱን በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢወጣ 132 ኪሎዋት አቅም ይፈልጋል። የከተማው መስመር የሚሠራው በ750 ቮልት ዲሲ ስለሆነ ከላይኛው ሽቦ 176 አምፔር ኮረንቲ ይስባል፤ ኮረንቲውም በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሚጠቀመው ግን 25,000 ቮልት ኤሲ ነው። በዚህ ቮልቴጅ ለተመሳሳይ አቅም 5.3 አምፔር ገደማ ይበቃል። በሽቦ ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው ኃይል በኮረንቲው ካሬ መጠን ስለሚያድግ፣ በእኩል ሽቦ ላይ የ750 ቮልቱ ብክነት ከ1,100 እጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ለከተማው ከፍተኛው ቮልቴጅ ለምን አልተመረጠም? ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሰውና ከሕንፃ ሰፊ ርቀት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ባቡርም ከባድ ትራንስፎርመር መሸከም ይኖርበታል። በአነስተኛ ቮልቴጅ ለመሥራት ደግሞ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎችን አቀራርቦ መትከል ግድ ነው። ጣቢያዎቹ በበዙ ቁጥር ጥገናቸውም ይበዛል።

የባቡር ዕድሜ

መንኮራኩሩ ሾጠጥ ብሎ የተቀረጸው ባቡሩ የሐዲዱን መሃል እንዲጠብቅ ነው። ቅርጹ በተለይ በመታጠፊያዎች ላይ ይበላል፤ በጊዜው በቶርኖ ካልተስተካከለ ሐዲዱንም አብሮ ይጎዳል። የከተማው መስመሮች ሥራ ሲጀምሩ 41 ባቡሮች ነበሯቸው። በተከታዮቹ ዓመታት ግን ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት ቆሙ፤ የሳሪስ ተሳፋሪም ረጅም ሰልፍና መጨናነቅ ገጠመው።

የአሮጌው መስመር ታሪክ እንደሚያስተምረን ባቡርን የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ የአንድ ቀን አደጋ ሳይሆን የዓመታት የጥገና ጉድለት ነው። ሐዲድ በብድርና በውጭ ተቋራጭ ሊዘረጋ ይችላል። መንኮራኩር የሚያስተካክል፣ የማከፋፈያ ጣቢያን ብልሽት የሚለይ፣ መለዋወጫ በአገር ውስጥ ነድፎ የሚያመርት ባለሙያ ግን ከራሳችን የትምህርት ተቋማት መውጣት አለበት። በክፍል ውስጥ ስለ ሰበቃና ስለ ኮረንቲ የምንማረው በወረቀት ላይ እንዲቀር አይደለም፤ በየማለዳው ከቃሊቲና ከሳሪስ ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚሄደው ሕዝብ የሚጠብቀው ዕውቀት ነው።