የቆመ የቀረጻ ቡድን ሒሳብ ይቆጥራል
የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚያሠራ ነጋዴ ከዋጋው በፊት ፕሮግራሙን ይመልከት

አንድ ነጋዴ ወይም የድርጅት ባለቤት የማስታወቂያ ቪዲዮ ለማሠራት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ዋጋ በማጠያየቅ ነው። ከሁለትና ከሦስት አዘጋጆች የዋጋ ማቅረቢያ ይሰበስባል፣ ያከራክራል፣ ዝቅ ያለውን ይመርጣል፣ ቀብድ ይከፍላል። ይሁን እንጂ የሥራው እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚገኝ ከሚያሳየው የቀረጻ ፕሮግራም ነው። ይህን ወረቀት አይቶ የሚፈርም አሠሪ ግን ጥቂት ነው።

ለነጋዴ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰ ኮንቴይነር በወቅቱ ካልተነሳ በየቀኑ ክፍያ ይቆጠርበታል። የቀረጻ ቡድንም እንደዚሁ ነው። ካሜራው ተከራይቶ፣ ባለሙያው ተጠርቶ፣ መኪናው ነዳጅ ሞልቶ ከተሰለፈ በኋላ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ሒሳቡ ይሄዳል። ልዩነቱ የወደቡ ክፍያ በደረሰኝ ሲመጣ የቀረጻው ብክነት ግን ጥራቱ በወረደ ሥራ ወይም "ተጨማሪ አንድ ቀን ያስፈልገናል" በሚል ስልክ መምጣቱ ነው።

ውዱ ነገር ምን ነበር? ዛሬስ?

"ሂሩት አባቷ ማነው" በ1957 ዓ.ም. ሲሠራ በቀረጻ ላይ ከሚያሳስቡት ወጪዎች አንዱ ጥሬ ፊልሙ ነበር። 1,000 ጫማ ርዝመት ያለው የ35 ሚሊሜትር ጥቅል የሚያነሳው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በከንቱ የተነሳ ምስል ገንዘብ ስለሆነ ዳይሬክተሩ ካሜራው ከመንቀሳቀሱ በፊት አስቦና አለማምዶ ይጨርስ ነበር።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቪዲዮ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ወደ ሲኒማ ቤት ሲገቡ ይህ ሥጋት ቀለለ፤ በሜሞሪ ካርድ የሚቀዳው ካሜራ ሲመጣ ደግሞ ፈጽሞ ጠፋ ማለት ይቻላል። ምስል ደጋግሞ ማንሳት ዋጋ የሌለው መሰለ። ወጪው ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ በቀረጻ ላይ ውዱ ነገር የሰው ሰዓትና የመሣሪያ ኪራይ ነው። ስለዚህ ዱሮ ፊልሙን ለመቆጠብ የተደረገው ጥንቃቄ ዛሬ ሰዓቱን ለመቆጠብ መዋል አለበት።

ምሳሌ፦ ከካዛንቺስ እስከ መስቀል ፍላወር

በቦሌ መንገድና በደብረ ዘይት መንገድ መካከል በሚገኘው መስቀል ፍላወር አካባቢ ምግብ ቤት ያለው አንድ ባለሀብት አጭር ማስታወቂያ ሊያሠራ ነው እንበል። ጽሑፉ ስድስት ትዕይንቶች አሉት። በተጻፉበት ቅደም ተከተል እንዲህ ናቸው፦ ካዛንቺስ ቢሮ፣ ምግብ ቤቱ፣ ቢሮው እንደገና፣ ምግብ ቤቱ እንደገና፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ የቤተሰብ ቤት፣ በመጨረሻም ምግብ ቤቱ በምሽት።

አሥር ሰው ላለው ቡድን የአንድ ቀን ወጪ እንዲህ ይሁን፦ ለባለሙያዎች 60,000 ብር፣ ለካሜራና ለመብራት ኪራይ 35,000 ብር፣ ለመኪናና ነዳጅ 12,000 ብር፣ ለምግብ 8,000 ብር፣ ለጄኔሬተር 5,000 ብር። ድምሩ 120,000 ብር ነው። አኃዙ ለስሌት እንዲመች የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ቀኑ የ10 ሰዓት ከሆነ የአንድ ሰዓት ዋጋ 12,000 ብር ይሆናል።

ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው መዛወር ኪሎ ሜትሩ ጥቂት ቢሆንም ዕቃ መሰብሰብ፣ መጫን፣ በትራፊክ መጓዝ፣ ማውረድና እንደገና መዘርጋት አለበት፤ አንድ ሰዓት እንያዝለት። በጽሑፉ ቅደም ተከተል ከተቀረጸ አምስት ጊዜ መዛወር ያስፈልጋል። ከ10 ሰዓት ላይ የምሳው 1 ሰዓትና የመዛወሪያው 5 ሰዓት ሲቀነስ ለቀረጻ የሚተርፈው 4 ሰዓት ነው፤ ለአንድ ትዕይንት 40 ደቂቃ ይደርሳል።

አሁን ትዕይንቶቹን በቦታ እንሰብስባቸው። ሁለቱ የቢሮ ትዕይንቶች በአንድነት፣ ቀጥሎ ጎተራ፣ መጨረሻ ላይ ሦስቱ የምግብ ቤት ትዕይንቶች። መዛወሩ ሁለት ጊዜ ብቻ ይሆናል። ለቀረጻ 7 ሰዓት ይተርፋል፤ ለአንድ ትዕይንት 70 ደቂቃ ማለት ነው። የ36,000 ብር ዋጋ ያለው 3 ሰዓት ተገኘ። አንድም ሰው አልተቀነሰም፣ የማንም ክፍያ አልተነካም።

ይህን ለማድረግ የሚጠይቀው አንድ ቀን የጠረጴዛ ሥራ ነው። ረዳት ዳይሬክተሩ ወይም ፕሮዳክሽን ማናጀሩ እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ ካርድ ላይ ያሰፍራል፦ ቦታ፣ ቀን ወይም ማታ፣ ውስጥ ወይም ውጭ፣ ተዋንያን፣ ልብስ፣ ልዩ ዕቃ፣ ድምፅ ያስፈልግ እንደሆነ። ከዚያ ካርዶቹን መጀመሪያ በቦታ፣ ቀጥሎ በብርሃን፣ ቀጥሎ በተዋናይ ይደረድራል። የምሽቱ ትዕይንት ምግብ ቤቱ ውስጥ ከሆነ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ በቀን መቅረጽ ይቻላል። ለአንድ ትዕይንት ሲባል ቡድኑን እስከ ማታ ማቆየት ቀረ ማለት ነው።

ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት አይጠራ

የተለመደው ስህተት "ሁላችንም ጧት 12 ሰዓት እንገናኝ" ማለት ነው። መብራት ሲዘረጋ ተዋናዩ ይቀመጣል፤ ተዋናዩ ሜካፕ ሲደረግለት ካሜራማኑ ይጠብቃል። ጥሪው እንደ ሥራው ቅደም ተከተል ይደርደር። በምሳሌያችን ቀን እንዲህ ይሆናል፦

ጧት 12፡00፦ ሾፌሮችና የመብራት ሠራተኞች፣ ዕቃ ጭነት።
1፡00፦ ካሜራማን፣ ዳይሬክተር፣ ሜካፕና የቢሮው ተዋናይ ካዛንቺስ፤ የአሠሪው ተወካይም እዚያው።
1፡00–3፡20፦ ሁለቱ የቢሮ ትዕይንቶች።
3፡20–4፡20፦ ወደ ጎተራ መዛወር። ቤተሰቡን የሚጫወቱት 3፡45 ላይ በቀጥታ እዚያ ይገኛሉ፤ ሜካፕ ባለሙያዋ ቀድማ ትደርሳለች። ድምፅ ባለሙያውም የሚጠራው በዚህ ሰዓት ነው፤ ንግግር ያለው ይህ ትዕይንት ብቻ ስለሆነ የግማሽ ቀን ውል ይበቃዋል።
4፡20–5፡30፦ የቤተሰቡ ትዕይንት።
5፡30–6፡30፦ ወደ መስቀል ፍላወር መዛወር።
6፡30–7፡30፦ ምሳ። አስተናጋጅና ተመጋቢ ሆነው የሚታዩት 7፡00 ላይ ይደርሳሉ።
7፡30–11፡00፦ ሦስቱ የምግብ ቤት ትዕይንቶች።

የአሠሪው ተወካይ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እንዲገኝ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። "ይህ ቀለም የኛ አይደለም" የሚለውን ቃል ከቀረጻው በኋላ የሚናገር አሠሪ ቀኑን ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የሚላከውም ሰው የመወሰን ሥልጣን ያለው ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ነገር አለቃው ዘንድ የሚደውል ተወካይ አሥር ሰው ያስቆማል።

የከተማው ጠባይ በፕሮግራሙ ይግባ

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣውና የምትጠልቀው በ12 ሰዓት ገደማ ነው። የውጭ ቀረጻ የሚያምረው ጧትና ወደ ማታ ባለው ገደል ያለ ብርሃን ነው፤ በቀትር ፀሐይዋ ከአናት ላይ ስለምትሆን ፊት ላይ ጥላ ይወድቃል። ስለዚህ የውስጥ ትዕይንቶች ለቀትር ይያዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ የውጭ ትዕይንት ዝናብ ቢመጣ የሚተካው የውስጥ ትዕይንት አስቀድሞ ይወሰን።

ቦታ ታይቶ መጥቷል ተብሎ አይታመንም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ከዚያ በፊት በፎቶግራፍ የተያዘ መንገድና ሕንፃ ዋጋ አጥቷል። ቀረጻው ሊደረግ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በሚቀረጽበት ሰዓት፣ ቦታውን ማየት ያስፈልጋል። በዚያው አጋጣሚ ድምፁ ይደመጥ። መስቀል ፍላወር ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ነው፤ በበዓላት ቀን የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ በዘወትር ቀን የግንባታ ድምፅ ይኖራል።

ምግብም ዕቅድ ነው። ረቡዕ፣ ዓርብና በአጽዋማት ወቅት የጾም ምግብ ያልተዘጋጀለት ቡድን ምሳ ፍለጋ ይበተናል፤ የአንድ ሰዓቱ ዕረፍት ሁለት ይሆናል። ዓርብ ቀን ለጁምዓ ሶላት የሚሄድ ባለሙያ ካለ የምሳው ሰዓት ከዚያ ጋር ይገጣጠም።

ሰዓትና ቀን ሲጻፍ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይደረግ። "7፡00" ብሎ የጻፈ ሰው ጧት አንድ ሰዓት ማለቱ ነው ወይስ ከቀትር በኋላ ሰባት? ከውጭ የመጣ ባለሙያ ወይም በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ድርጅት ባለበት ቀረጻ ይህ አንድ መስመር ግማሽ ቀን ያስበላል። በጥሪ ወረቀቱ ላይ "ጧት 1፡00" ተብሎ በቃል ይጻፍ፤ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይስፈር። ወረቀቱ በዋዜማው በቴሌግራም ይላክ፤ እያንዳንዱ ሰው "ደርሶኛል" ብሎ ይመልስ።

ሕጉና ውሉ

በቋሚነት ለተቀጠረ ሠራተኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይሠራል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። በሕጉ በተፈቀዱ ምክንያቶች የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ክፍያውም ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በአንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል ይባዛል። በሰዓት 200 ብር የሚታሰብለት ሠራተኛ እሑድ ዕረፍቱ ሆኖ ቢጠራ 400፣ በመስቀል በዓል ቢጠራ 500 ብር ይሆንለታል። ከላይ ባየነው ቀን እንኳ የምሳው ሰዓት ሲቀነስ 1 ሰዓት ላይ ለተጠራው 9 ሰዓት፣ 12 ሰዓት ላይ ለተጠራው 10 ሰዓት ይቀራል። ትርፍ ሰዓቱ ከመጀመሪያው በበጀት ውስጥ መኖር ነበረበት።

በራሱ ኃላፊነት በውል የሚሠራ ባለሙያ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ መብቱም ግዴታውም ውሉ ውስጥ ያለው ነው። በቀረጻ ሥራ ብዙ ሰው የሚተዳደረው በዚህ መንገድ ስለሆነ አራት ነገሮች ተጽፈው ይቀመጡ፦ ቀኑ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከዚያ ካለፈ በሰዓት ስንት እንደሚከፈል፣ ቀረጻው በዋዜማው ቢሰረዝ ምን ያህል እንደሚታሰብ፣ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም። ለአንድ መብራት ሠራተኛ የተያዘለት ቀን ሌላውን ሥራ የተወበት ቀን ነው። በስልክ "ለነገ ይተላለፍ" ሲባል እሱ የሚያጣው የቤቱን ገቢ ነው። ይህን የማያስብ አሠሪ በሚቀጥለው ጊዜ ጥሩውን ሰው አያገኝም፤ ያገኘውም ሰው ዋጋውን ጨምሮ ይመጣል።

ከመፈረም በፊት

እንግዲህ ቪዲዮ የሚያሠራ ነጋዴ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አዘጋጁን እነዚህን ይጠይቅ። ስንት ጊዜ እንዛወራለን? እያንዳንዱ ሰው በስንት ሰዓት ይጠራል? ለምን? ዝናብ ቢዘንብ ወይም መብራት ቢጠፋ ምን እንቀርጻለን? የመቅረጫ ፈቃድ በማን ስም ወጥቷል? ድሮን ካለ ፈቃዱስ? ከአሥሩ ሰዓት ቢያንስ አንዱ ለመጠባበቂያ ተይዟል? ምሳሌያችን ይህን መጠባበቂያ አልያዘም፤ ጠንቃቃ አዘጋጅ እዚህ ላይ አንዱን ትዕይንት ይቀንሳል ወይም ከሦስቱ ቦታዎች አንዱን ይተዋል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በወረቀት መልስ ያለው አዘጋጅ 130,000 ብር ቢጠይቅ፣ መልስ ከሌለውና 100,000 ብር ከጠየቀው ይልቅ ሊረክስ ይችላል። የሁለተኛው ሥራ ወደ ሁለተኛ ቀን ከተሸጋገረ 30,000 ብሩ ብልጫ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሸፍንም።